የእማዋይሽ ጨው ቤትና የአቦይ ገብረገርግስ ጥቅል

እማዋይሽ ጨው ትጠላ ነበር። በጨው ልጆቿን አሳድጋ፣ በጨው ሴት ልጇን ድራ፣ በመቀሌ ሰኞ ገበያ «እማዋይሽ ጨው» እየተባለች ስትጠራ ኖራ፣ ጨው ትጠላ ነበር። «ይኼ ነጭ ጠላቴ» ነው የምትለው። ወጥ ስትሠራ እንኳን ጨዉን ከሩቅ ወርውራ ነው የምትጨምረው እያሉ ጎረቤቶቿ ይስቁባት ነበር። ሐሜት ነው እንዳይባል፣ ወጧም አልጫ ነበር።

ትውልዷ ቡልጋ ነው። ባሏ ሀብቴ የስልክ ሠራተኛ ነበርና ወደ መቀሌ ሲዛወር «ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ዕቃሽን ሁሉንም አትያዢ» ብሎ ይዟት መጣ። ያ ጥቂት ጊዜ አላልቅ አለ። ጣሊያን ገባ፤ ጣሊያን ወጣ፤ ሀብቴ በንዳድ ሞተ፤ እማዋይሽ ከነጎደለው ዕቃዋ መቀሌ ቀረች። የቀረላት ሀብቴ «ለዕርጅናችን» ብሎ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ ያሠራው የድንጋይ ቤት ብቻ ነበር፤ ረጅም፣ መስኮት የለሽ፣ እንደ አገሩ ልማድ ጣራው በእንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት። ያ ቤት ጨው ቤቷ ሆነ።

ጨዉ የሚመጣው ከቆላ ነው። ከመቀሌ በስተምሥራቅ ደጋው ሲያልቅ ምድሩ ቁልቁል ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ እስትንፋስ እስኪያጥር ይወርድና የአፋር ጨው ሜዳ ላይ ይቆማል። የደጋው ሰው በበጋ ግመሉንና አህያውን እየነዳ እዚያ ይዘልቅና አሞሌ አስጠርቦ፣ እንደ ጡብ ደርድሮ ጭኖ ይመለሳል። ይህን ጉዞ አርሆ ይሉታል። አርሆው መቀሌ ሲደርስ የሚያራግፈው ደንበኛው ቤት ነው። ደንበኛው ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ቆይቶም ወደ ደሴና ከደሴም ወዲያ ለሚወስድ ነጋዴ ያስተላልፋል። ሲያወሩት ቀላል ነው። እማዋይሽን ግን ጠይቋት!

መጀመሪያ ጣራው። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አፈሩ ካልተረገጠና ካልተጠቀጠቀ፣ ሰማዩ እላይ ሲያጉረመርም ጣራው እታች ያለቅሳል። ቀጥሎ እሳቱ። ጨው በእርጥብ አየር ያልበዋል፤ ያላበው ጨው ይሟሟል፤ ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የወይራ ግንድ ቀንም ሌትም መጤስ አለበት። የሚያጤሰው ፈንታሁን የተባለው ዘበኛዋ ነው፤ ፈንታሁን ደግሞ ከጭስ የሚበልጥ እንቅልፍ ማስያዣ በዓለም ላይ የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ከዚያ እንግዳው። አርሆው ሲያራግፍ በደረቁ አይሄድም፤ ጠላ ይጠመቅለታል፣ እሱ ስዋ ይለዋል፣ ግቢው ውስጥ ይተኛል፣ ግመሉ አጥሯን ይበላል፣ ቁንጫው ቤቷ ይቀራል።

ጥቅሎቹስ? ወይ ጥቅሎቹ!

ወደ ጨው ሜዳ የሚወርድ ሰው ደህና ልብስ ለብሶ አይወርድም። ጨዉ ይበላበታል፤ ጨዉ ባይበላው ሽፍታ ይገፈዋል። ስለዚህ ከመውረዱ በፊት ጋቢውን፣ የክት ሱሪውን፣ ለእጮኛው የገዛውን ጨሌ፣ ምኑን ምኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ደንበኛው ቤት መስቀያ ላይ ይሰቅልና «ሐደራ» ይላል፤ ያችን «ሐ» ከጉሮሮው ሥር አውጥቶ። ሲመለስ መጀመሪያ ገብቶ ጥቅሉን ያያል፣ በእጁ ነካ ያደርጋል፤ ገመድ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሕግ ያወጣ ሰው የለም፤ ሲፈርስም የታየበት ጊዜ የለም። የእማዋይሽ ግድግዳ ዳር እስከ ዳር ጥቅል ነበር። «ጨው ቤት ነው ወይስ ቡትቶ ቤት?» ትል ነበር፣ ጭንቅላቷ በአንዱ በተመታ ቁጥር።

ከጥቅሎቹ ሁሉ ነጩና የተስተካከለው የአቦይ ገብረገርግስ ነው። አቦይ ገብረገርግስ የአርሆው መሪ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ እግራቸው እንደ ግመላቸው እግር ረጅም። እሳቸው ያራገፉበት ቤት ሁሉም ያራግፋል፤ እሳቸው ያለፉትን ደጅ ሁሉም ያልፈዋል። ባጭሩ የእማዋይሽ እንጀራ በእኚህ ሽማግሌ እግር ላይ ነበር የቆመው። በጥቅላቸው ውስጥ ያለው ደግሞ መገነዣቸው ነው። ሟች ባለቤታቸው በእጇ ፈትላ ያሠራችው ነው። «ከታች ብሞት አምጥተው በዚህ ይቅበሩኝ» ብለው በየጉዞው እማዋይሽ ዘንድ ይተዉታል፤ ሲመለሱ ነካ ያደርጉትና «ዘንድሮም አላስፈለገም» ብለው ይስቃሉ። እሷ አይስቃትም። ከመገነዣ ጋር አንድ ጣራ ሥር ማደር ምኑ ያስቃል?

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ያለፈበት ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት የመጨረሻው አርሆ ገና እንደ ወረደ፣ በሚያዝያ፣ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ጣለ። እማዋይሽ በማለዳ ጨው ቤቱን ስትከፍት ጥጉ ላይ የነበረው ክምር ተንዶ እንደ ጭቃ ሆኗል። ፈንታሁን ከጠፋው እሳት አጠገብ ጥቅልል ብሎ ተኝቷል።

«ፈንታሁን!»

«አለሁ እትዬ።»

«እሳቱስ?»

ፈንታሁን አመዱን አየት አደረገ። «አሁን ነበረ» አለ።

«የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል አሉ። እኔ እያለቀስኩ ነው። አንተ ምን ትጠብቃለህ? ተነሥና ላስ!»

ሥዩም የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ሰው ሲበሳጭ የሚሸተው ዓይነት ሰው ነበር ሥዩም። ከመቀሌ ወጣ ብሎ ኲሓ ላይ፣ የአስመራና የደሴ መንገድ ዳር፣ ጣሊያን የተወውን መጋዘን ይዞ ዕቃ አስተላላፊ ሆኗል፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ደጁ ላይ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት ትልቅ የጭነት መኪና። እማዋይሽ ግቢ ገብቶ አጥሩን አየ፣ ጣራውን አየ፣ አንገቱን ነቀነቀ።

«እትዬ እማዋይሽ፣ እርስዎ ነጋዴ ነዎት ወይስ የግመል ሞግዚት?»

«የፈንታሁን ሞግዚት ነኝ። ግመሉስ ይሻላል።»

«ይተዉት ይሄን ሁሉ! ዛሬ እኮ ጊዜው ተለውጧል። አርሆው ሲመጣ በኲሓ በኩል ነው የሚያልፈው፤ እዚያው እኔ ጋ ያራግፍ። የምቀበል እኔ፣ የማስቀምጥ እኔ፣ ደሴ የማደርስ እኔ። ጣራ ቢያፈስ የኔ ጣራ፣ ዘበኛ ቢተኛ የኔ ዘበኛ። እርስዎ ለአገልግሎቴ ትንሽ ይቆርጡልኛል፣ ቤትዎ ቁጭ ብለው ሽሮዎን ይበላሉ።»

«ቤቴስ?»

«ያከራዩት። ይተኙበት። ይዝፈኑበት!»

እማዋይሽ ሦስት ቀን አሰበች። ቤቱን ለሰው አሳልፎ መስጠት የሀብቴን አጥንት መሸጥ መሰላት። ደግሞ ጣራውን አየች። ደግሞ ሀብቴን አሰበች። ደግሞ ፈንታሁንን አየች፤ ተኝቷል። ያን ጊዜ ወሰነች።

መኪናው መጣ። ሐቢብ የሚባል የወሎ ሰው ነው ሾፌሩ፤ ዘፈኑ ከሞተሩ ይበልጥ የሚሰማ፣ ሳቂታ ሰው። የሥዩም ሠራተኞች አሞሌውን ተሸክመው ጫኑ። ቤቱ ባዶውን ሲቀር ፈንታሁን ግድግዳውን እያየ ቆመ።

«ጥቅሎቹስ እትዬ?»

እማዋይሽ ወደ ጥቅሎቹ ዞረች። ከዚያ የነጋዴ አእምሮዋ መጣባት፤ ይኸው አእምሮዋ ነው ጉድ የሠራት።

«ጨዋቸው ኲሓ ከሆነ ጥቅላቸው እዚህ ምን ይሠራል? ሰው ኲሓ አራግፎ ላንድ ጋቢ ብሎ እስከ መቀሌ ይንከራተት? እዚያው ይጠብቃቸው። ጫን!»

«አደራ እኮ ነው እትዬ…»

«አደራው እኔ ላይ ነው። አንተ ላይ እሳቱ ነበር፣ አጠፋኸው። ጫን ብያለሁ!»

ተጫነ። ቤቱ ተጠረገ። ፈንታሁን ኲሓ መንገድ ዳር ቆሞ አርሆው ሲመጣ ወደ አዲሱ መጋዘን እንዲመራ ተላከ። እማዋይሽም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልሠራችም። ጠዋት ፀሐይ ሞቀች፤ ቀን ተኛች፤ ማታ ጎረቤት ሄዳ «እናንተ እንዴት ናችሁ? እኔ ዐርፌያለሁ» አለች። ጭስ የሌለበት አየር ስትስብ ግን ያስላት ነበር፤ ሳንባዋም የለመደው ጭስ ነዋ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈንታሁን እያለከለከ ግቢ ገባ። ሲሮጥ አይታው ስለማታውቅ መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰላት።

«እትዬ፣ አለፉኝ!»

«ማን አለፈህ?»

«አርሆው! እጄን እንዲህ ዘርግቼ ቆሜ እያለሁ። ግመሎቹ በግራና በቀኝ አለፉኝ፤ ውኃ ግንድ እንደሚያልፈው።»

«እዚህ አራግፉ አላልካቸውም?»

«አልኩ። አቦይ ገብረገርግስ ‘የማን ቤት ነው?’ አሉኝ። ‘የአቶ ሥዩም’ አልኩ። ‘ሥዩምን እግዚሔር ይባርከው፤ ጥቅሌን የሰጠሁት ግን ለእማዋይሽ ነው’ ብለው አለፉ።»

«ጥቅሉ እዚያው እንዳለ አትነግራቸውም ነበር፣ አንተ ድንጋይ!»

«ነገርኳቸው እኮ።»

«እና?»

ፈንታሁን መሬት መሬት አየ። «አላመኑኝም። ‘አንተ ትዋሻለህ፤ እማዋይሽ እንዲህ አታደርግም’ አሉኝ።»

የግመሉ ቃጭል ከበታች ይሰማ ጀምሯል።

ገቡ። ግመሎቹን በተርታ አንበረከኳቸው፤ ጨዉ ከነገመዱ ጀርባቸው ላይ ነው። ማንም ገመድ አልነካም። ሰዎቹ ፊታቸው በአቧራና በጨው ነጭ ሆኖ ቆመው ጠበቁ። አቦይ ገብረገርግስ ብቻቸውን ጨው ቤት ገቡና ቆይተው ወጡ።

«ጓለይ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚጠሯት። «ቤትሽ ጸድቷል።»

«አዎ አቦይ፣ ትንሽ ጠረግ ጠረግ…»

«ግድግዳውም ጸድቷል።»

እማዋይሽ ነገሩን ማስረዳት ጀመረች። ስለ ቆርቆሮው ነገረቻቸው፣ ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ መኪናው፤ ኲሓ ማራገፍ ለእግራቸውም ለግመላቸውም ዕረፍት መሆኑን ነገረቻቸው። ሥዩም ለእሷ ሲናገር ያማረው ሁሉ እሷ ስትናገረው ጣዕም አጣ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙ፤ ይሄ ነው የባሰ ያናደዳት፣ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ጥሩ ቤት ይመስላል» አሉ ስትጨርስ። «ደሓን፣ ይሁን፣ ጥቅላችን ይምጣ። እስኪመጣ ግመሎቹ እንደ ተጫኑ ይቆያሉ።»

«ኧረ አቦይ! እንስሳው ምን አደረገ?»

«እንስሳው ምንም አላደረገም።» ብለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

ጭነቱ ያልወረደለት ግመል ዝም አይልም። አንዱ ሲያጉረመርም ሌላው ይቀበለዋል። ያን ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን አሰገገ። እማዋይሽ ደጅ አርሆ ቆሞ አላራገፈም ከተባለ ነገ ሰኞ ገበያ የማይደርስ ወሬ አይደለም፤ ገበያ ከደረሰ ደግሞ ከእንግዲህ ማንም ደጋ ወጥቶ በሯን አያንኳኳም። ነጠላዋን አደግድጋ፣ የጎረቤት አህዮች ለምና፣ ፈንታሁንን ከፊት አስቀድማ ወደ ኲሓ ገሠገሠች። መንገዱን ሙሉ ተሳደበች፤ ከሥዩም ጀምራ በፈንታሁን በኩል እስከ ራሷ ደረሰች።

ሥዩም በፈገግታ ተቀበላት። ጉዳዩን ሲሰማ ፈገግታው ቀረ።

«አይቻልም እትዬ። የሰው ዕቃ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ካልፈረመ አይወጣም። ሥርዓት ነው። እንዳይጠፋ ብለን እኮ ነው።»

«ባለቤቶቹ ደጄ ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው እየገደሉኝ ነው!»

«ይምጡና ይፈርሙ።»

«መፈረም የት ያውቃሉ!»

«ጣታቸውን ያትሙ።»

«ጣታቸውን ጨው በልቶታል! ከዕንቁላል ይለሰልሳል፤ ምኑ ይታተማል?»

«እንግዲያው የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሁሉም ቡትቶ ነው።»

ያን ጊዜ እማዋይሽ ገፍታው ገባች። ጥቅሎቹ በቆዳ ክምር አጠገብ ተወርውረዋል። አንሥታ አቀፈቻቸው፣ ባንድ ጊዜም አፏ ተከፈተ። «ቡትቶ? ይህች ባለቀይ ክሯ የኪሮስ ናት፤ ለእጮኛው ጨሌ አለባት። ይህች በሌጦ የታሠረችው የተክላይ ናት፤ እናቱ ናት የቋጠረችለት፣ እሱ ቋጠሮ አያውቅም። ይህ የማን እንደሆነ ልንገርህ? ይህ የወልዱ ነው፣ ሽታው ይነግርሃል! ቡትቶህን ቤትህ ፈልግ!»

ስትናገር ራሷም ደነቃት። ዘመኗን ሙሉ በቡትቶ ስም ስትሰድባቸው ኖራ፣ ለካ እያንዳንዱን ቋጠሮ እንደ ልጅ ፊት ታውቀዋለች! ሥዩም እጁን አነሣና «በሉ ይውሰዱ፣ ይውሰዱ» አለ። ስትወጣ ዓይኗ በአሞሌዋ ላይ አረፈ። ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ላብ እንደያዘው ሰው ዙሪያውን ረጥቧል። ለእሱ የሚሆን ሐዘን አልተረፋትም ነበር፤ ምክንያቱም ጥቅሎቹን ስታይ ነጩ የለም።

«ነጩስ? ንጹሑ፣ በጥሩ የታሠረው?»

ሥዩም ግንባሩን ፈተገ። «ነጭ… አዎ፣ እሱ እንኳን ዕቃ ይመስል ነበር። ሐቢብ ትናንት ደሴ ከሚሄደው አቡጀዲ ጋር ሳይጭነው አልቀረም።»

እማዋይሽ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች።

መቀሌ ስትመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ግመሎቹም እያጉረመረሙ ነው። ጥቅሎቹን ከአህያ አወረደች። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ተቀበሏት፤ ነካ አደረጉ፣ ሳይፈቱ መለሱላት፣ ሄደውም ገመዳቸውን ፈቱ። አሞሌው እንደገና ጨው ቤት መግባት ጀመረ። በመጨረሻ የሽማግሌው ግመል ብቻ እንደ ተጫነች ቀረች።

መንገድ ላይ ሳለች «አይጥ በላው» ልትል አስባ ነበር። «ነገ ይመጣል» ልትልም አስባ ነበር። ከሳቸው ፊት ስትቆም ሁለቱም ጠፋባት።

«የርስዎ ደሴ ሄዷል።»

«ደሴ?»

«በስሕተት ነው። በመኪና ጭነውት።»

ሰዎቹ ሁሉ ሥራ አቁመው ያያሉ።

«በመኪና?» አሉ አቦይ ገብረገርግስ ቀስ ብለው።

«በመኪና።»

«አየሽ እንግዲህ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ መኪና ላይ ወጥቼ አላውቅም። መገነዣዬ ቀደመኝ!» ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅሱ መስሏት ነበር፣ የሚስቁ ናቸው። አርሆው ሁሉ ሳቀ። እማዋይሽ ብቻ ናት ያልሳቀችው፤ ቀን ሙሉ የያዛት ንዴት መሄጃ አጥቶ በዓይኗ ወረደ።

«አታልቅሺ ጓለይ፣ ስሚኝ» አሉ። «ያ የባለቤቴ እጅ ሥራ ነው። በሌላ ጨርቅ አልቀበርም። ስለዚህ እሱ እስኪመጣ አልሞትም ማለት ነው። እስካልሞትኩ ድረስ አርሆ እወርዳለሁ። እስከወረድኩ ድረስ ደግሞ የማራግፈው ዕዳ ካለበት ሰው ቤት ነው። ዕዳው ያንቺ ነው። የሥዩምን ሲሚንቶ አላውቀውም።»

«አቦይ፣ ጣራዬ ያፈስሳል እኮ። ጨዉ ይበላሽብኛል።»

«ታዲያ በትግራይ አፈር ጠፋ?»

በማግስቱ፣ ወደየአገራቸው ሳይመለሱ፣ አርሆዎቹ ጣራው ላይ ወጥተው አፈር ደልድለው እየዘፈኑ ረገጡት። እማዋይሽ ከታች ሆና አቧራው በጠጉሯ፣ በጠላዋ፣ በአልጫዋ ላይ እየዘነበ «ቀስ በሉ! ቤቱን ልታፈርሱት ነው!» እያለች ስትጮህ ዋለች። እነሱ ደግሞ በጮኸች ቁጥር ድምፁን ከዘፈኑ ጋር አስማምተው ይረግጣሉ።

ሥዩም ውል ፈረሰ ብሎ መጣ። «መንገዱ ያንተ፣ ቤቱ የኔ» አለችው። «መኪናህ ደጄ ይምጣና ጭኖ ደሴ ያድርስ፤ ለዚያ ልክፈልህ። የምቀበለውም የማስቀምጠውም ግን እኔ ነኝ።»

«ጣራውስ? እሳቱስ? ዘበኛውስ?»

«እነሱን ብትወስድልኝ በነፃ በሰጠሁህ። ግን አንተ የምትፈልገው ጨዉን ነው፤ ጨዉ ደግሞ የሚመጣው ከነቁንጫው ነው።»

ሥዩም ተናደደ፣ ሂሳቡን በሆዱ አሰበ፣ ከዚያ ሳቀ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ነው ነገሩ እትዬ» አለ። «እኔ አንዱ ባላ ልሁን።»

«ሁን። ግን አትሰበርብኝ።»

ክረምቱ በጭስ አለፈ። መስቀል ካለፈ በኋላ ሐቢብ እየዘፈነ መጥቶ ከመኪናው ዘለለ፤ በብብቱ ነጩን ጥቅል ይዟል።

«ይኸው እትዬ! ደሴ አንድ ጨርቅ ነጋዴ መደርደሪያ ላይ ነው ያገኘሁት። ሊቆርጠው መቀሱን አንሥቶ ነበር! ‘ወላሂ የሞተ ሰው ልብስ ነው’ ብዬ አስጣልኩት።»

«አልሞቱም!»

«የሚሞት ሰው ማለቴ ነው።»

«አንተ ራስህ የምትሞት ሰው አይደለህም? ዘፈንህን ይዘህ ሂድ!» አለችው፤ ግን ጠላ ሳትሰጠው አልለቀቀችውም። ጥቅሉን ፈትታ አየችው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቅባት ነክቶታል እንጂ ደህና ነው። አጥባ፣ አድርቃ፣ በድሮው ቋጠሮ ቋጥራ፣ ከጨው ቤቱ መጨረሻ፣ ጭሱ ከሚወፍርበት መስቀያ ላይ ሰቀለችው። ዕዳዋ አለቀ። ለሽማግሌው ምን እንደምትላቸው ስታስብ ሰነበተች፤ ትንሽም ልትኮራባቸው አስባ ነበር።

በኅዳር አርሆው ሊወርድ መጣ። አቦይ ገብረገርግስ ከስተዋል። ጉልበታቸው አብጧል፤ ግመላቸውን ይዘው ሳይሆን ተደግፈው ነው የገቡት። ጨው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሙና ጠየቁ፦

«ጓለይ፣ መጣ?»

እማዋይሽ «መጣ» ልትል አፏን ከፈተች። ከንፈራቸውን አየች፤ ደርቋል። ጉልበታቸውን አየች። ‘እስኪመጣ አልሞትም’ ያሉት በጆሮዋ መጣ። ወሬ ነው፣ ቀልድ ነው፣ ሽማግሌ የተናገረው ነገር ነው፤ ታውቀዋለች። ግን ማን ደፍሮ ይሞክረው?

«አልመጣም!» አለች። «የት ይመጣል! ያ ሐቢብ የሚሉት ሰነፍ እየዘፈነ ሲሄድ ሲመጣ፣ ሥዩም እየሳቀ፣ እዚህ ፈንታሁን እየተኛ፣ እኔ ብቻ ልሙት? ደሴ ስንት ጊዜ ላክሁ! ዛሬ ነገ ይላሉ! ይኼ ጨው ዕድሜዬን በላው እኮ አቦይ፣ ዕድሜዬን!»

አቦይ ገብረገርግስ ንዴቷን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ከዚያ ገቡ። ዓይናቸው መስቀያዎቹን በተርታ እያየ ሄደ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ሄደ፣ ጭሱ ውስጥ ነጭ ነገር ካለበት ላይ ደረሰ። እዚያ ቆየ።

«አልመጣም» አሉ አቦይ ገብረገርግስ። «እግዚሔር ይመስገን።»

ጋቢያቸውን አወለቁ፣ ጠቀለሉት፣ ከነጩ ጥቅል አጠገብ ባለው መስቀያ ላይ ሰቀሉት። «ሐደራ» ብለው ወደ ግመላቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ጠየቋት፤ በየዓመቱም «አልመጣም» እያለች ተቆጣችላቸው። ያን ዕለት ግን ቃጭሉ በኲሓ መንገድ እስኪርቅ ደጃፏ ላይ ቆማ ሰማች። ዘወር ስትል ጨው ቤቱ ውስጥ ጭስ የለም።

«ፈንታሁን!» ብላ ጮኸች፣ ነጠላዋን ወርውራ እየገባች። «እሳቱ! ኧረ እሳቱ አንተ ሰው! የሰው ጥቅል እኮ ነው የሚረጥበው!»